ከጎንደር አትጀምሩ

ልጆች፣ ጣናን በብስክሌት ልታዩ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። የላካችሁልኝን ዕቅድ ግን ደግሜ አነበብኩት። ከጎንደር ተነስታችሁ ወደ ባሕር ዳር ልትወርዱ ነው ያሰባችሁት። ለምን እንደሆነ አላጣሁትም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ይበልጣል፤ የጣና ውኃ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ቁልቁለት የሚጠላ የለም። ቢሆንም ምክር ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ ጉዞውን ገልብጡት። ከባሕር ዳር ተነሱ፤ ጎንደርን መጨረሻ አድርጉት።

ጎንደርን አስቀድሞ ያየ ሰው ፋሲል ግቢ ውስጥ ቆሞ «ይህ ሁሉ ግንብ ከየት መጣ?» ይላል። መልስ ሲያጣ «ፖርቱጋሎች ሠሩት» ብሎ ይገላገላል። ይህ አባባል ስንት ዘመን እንደተንከባለለ! የውጭ ሰው እጅ ፈጽሞ የለበትም አልልም። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ነበሩ፤ ከህንድ የመጡ ግንበኞችም ይነገርላቸዋል። ነገር ግን ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት እ.ኤ.አ. በ1636 ነው፤ ያን ጊዜ ኢየሱሳውያኑ ከአገር ተባርረው ነበር። ያባረሯቸውም እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

ጎንደር ከሰማይ ዱብ አላለችም። ከዚያ በፊት ቤተ መንግሥት ማለት በአብዛኛው ድንኳን ነበር። ንጉሡ ከነሠራዊቱ ይዞራል፤ ክረምት ሲገባ አንድ ቦታ ይከርማል፤ ሲወጣ ነቅሎ ይሄዳል። ከ16ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ ዐፄ ሚናስ፣ ዐፄ ሠርፀ ድንግል፣ ዐፄ ሱስንዮስ እያሉ መክረሚያቸውን በጣና ዙሪያ አደረጉ፤ ቀስ በቀስም ከድንኳን ወደ ድንጋይ ተሸጋገሩ። ከባሕር ዳር ወደ ሰሜን የሚነዳ ሰው ይህን ነገር ደረጃ በደረጃ እያየ ጎንደር ይደርሳል። ከላይ ወደ ታች የወረደ ግን መልሱን አይቶ ጥያቄውን ሳያውቅ ይቀራል።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የሰላሙን ነገር ልንገራችሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ግጭት እንዳለ ታውቃላችሁ። መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ፤ ሌላ ቀን ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ይንቀሳቀሳል። አዲስ አበባ ተቀምጦ «አሁን ረግቷል» የሚላችሁን ሰው አትስሙ። መናኸሪያ ሂዱና ሾፌሮቹንና ረዳቶቹን ጠይቁ። እነሱ በኪሳቸውና በነፍሳቸው ነው የሚያወሩት። የእኔ ሕግ አጭር ነው፤ ሚኒባስ ያልወጣበት መንገድ ብስክሌት አይወጣበትም። ጉዞው ለከርሞ ቢተላለፍ ግንቡ አይሸሽም።

ወቅቱን በተመለከተ ከመስከረም ማብቂያ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ የሚስተካከለው የለም። መሬቱ አረንጓዴ ነው፤ አቧራ የለም፤ የጭስ ዓባይ ፏፏቴም ገና ውኃ አለው። በሐምሌና በነሐሴ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ፎገራ ሜዳ ላይ ይተኛሉ፤ አትሞክሩት። ጥር 11ን ጎንደር ላይ ለማክበር ካሰባችሁ ደግሞ ማደሪያውን ከወራት በፊት ያዙ። በጥምቀት ሰሞን ጎንደር ውስጥ አልጋ ማግኘት ዘመድ ያስቆጥራል።

ብስክሌታችሁ ውድ መሆን አያስፈልገውም፤ የአገሩን ጎማ የሚወስድ ይሁን እንጂ። ቀጫጭን የውድድር ጎማ ይዛችሁ ብትሄዱና ቢቀደድባችሁ መለዋወጫ የምታገኙት አዲስ አበባ ነው። 26 ቁጥር ጎማ ያለው ተራ የተራራ ብስክሌት ያዙ። ለእያንዳንዳችሁ ሁለት ትርፍ ካላማዳሪያ፣ አንድ የእጅ ፓምፕ፣ የብሎን መፍቻ፣ ማስቲሽና ቁራጭ ጎማ ይኑራችሁ። የፍሬን ጎማችሁን ከመነሳታችሁ በፊት ቀይሩት፤ «ገና አለው» አትበሉ። ዕቃችሁን በጀርባ አትሸከሙ። ከኋላ መጫኛው ግራና ቀኝ ዝቅ አድርጋችሁ እኩል እኩል እሰሩት። በጀርባው የሚሸከም ሰው የመጀመሪያው ማደሪያ ወረታ ሳይደርስ ወገቡን ይዞ ይቀመጣል።

ባሕር ዳር ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን ቆዩ። ከተማዋ ሜዳ ነች፤ ብስክሌት ለተማሪውም ለሠራተኛውም የዘወትር መጓጓዣ ስለሆነ ሾፌሩ ብስክሌተኛን ለምዷል፣ ጠጋኙም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2024 የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻገሩበት፤ ርዝመቱ 380 ሜትር ነው፤ ለብስክሌትም መስመር ተለይቶለታል። ከዚያ ለመሞከሪያ ወደ ጭስ ዓባይ ንዱ። 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያሰራችሁት ሻንጣ የሚላላ፣ ኮርቻችሁ የሚቆረቁር ከሆነ እዚያ ይታወቃል። ፏፏቴው ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ውኃው ለኤሌክትሪክ ስለሚጠለፍ ግን በበጋ ይመነምናል። ድሮ ያዩት ሰዎች ዛሬ ሲያዩት ይተክዛሉ። እኔ የምልካችሁ ይበልጡን ለዓለታ ድልድይ ነው። ከፏፏቴው በታች፣ ገደሉ ጠበብ ባለበት፣ በሱስንዮስ ዘመን የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። አስጎብኚዎቹ ኖራው በእንቁላል እንደተቦካ ይነግሯችኋል። እውነት ይሁን ተረት፣ ወደ አራት መቶ ዓመት ዓባይን ሲያሻግር ኖሯል። ከድልድዩ ጎን ጎንበስ ብላችሁ የድንጋዮቹን መጋጠሚያ በጣታችሁ ዳብሱት። ያንን ኖራ ወደፊት እንደገና ታገኙታላችሁ።

የዘጌን ልሳነ ምድርና የጣናን ደሴቶች በጀልባ እዩ፤ ብስክሌታችሁን ማደሪያችሁ ተዉት። ዘጌ ውስጥ ያለው የእግር መንገድ በቡና ጫካ መካከል ነው፤ ሥሩና ድንጋዩ ጎማ አያስኬድም። ጫካው እስከ ዛሬ የቆየው አቡነ በትረ ማርያም በዚያ ምድር እንዳይታረስ ስለገዘቱ ነው ይላሉ የአገሩ ሰዎች። ከገዳማቱ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ሴት ወንድ ሳይሉ ይቀበላሉ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ሴት አያስገቡም፤ ሴቶቹ ልጆቼ ጀልባ ላይ ተቀምጣችሁ ወንዶቹን እንዳትጠብቁ ቀድማችሁ ዕወቁት። ከክብራን አጠገብ ያለችው እንጦስ ኢየሱስ ሁላችሁንም ትቀበላለች። ጀልባውን በጠዋት ያዙ። ፀሐይ ስትበረታ ከሐይቁ ወደ የብስ የሚነፍሰው ነፋስ ይነሳል፤ ከሰዓት በኋላ ማዕበሉ ያስቸግራል።

በየገዳሙ ስትገቡ የብስክሌት ቁምጣ አይሆንም። አንድ ሱሪ፣ ሴቶቹ ደግሞ ቀሚስና ነጠላ ከላይ በኩል በሚገኝ ቦታ ያዙ። ቄሱን ስታገኙ መጀመሪያ «አባ፣ ይፍቱን» ብላችሁ መስቀል ተሳለሙ፤ ስለ ፎቶግራፍ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። በመቅደሱ ዙሪያ የምታዩት ሥዕል በብዙ ቦታ በሸማ ላይ ተስሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። ጠርዙ የተነሳ ካያችሁ በእጃችሁ ለመመለስ አትሞክሩ፤ የካሜራ ብልጭታም አትልቀቁበት። ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁ ዛፍ ሥር ተቀምጣችሁ ጠብቁ። ይህን የምለው ብስክሌተኛ ሁልጊዜ የሚቸኩልበት ነገር ስላለው ነው።

ከዚያ ወደ ዋናው መንገድ። ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባስ በሦስት ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። ብርቱ ብስክሌተኛ በሁለት ቀን ይገባል። እናንተ በአራት ቀን ሂዱ። መጀመሪያ ወረታ፣ ቀጥሎ አዲስ ዘመን፣ ከዚያ ማክሰኚት እደሩ፤ በአራተኛው ቀን ጎንደር። በየቀኑ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሱና ከ5 ሰዓት በኋላ ጥላ ፈልጉ። በምሽት በምንም ምክንያት አትንዱ። መብራት የሌለው ጋሪ አለ፤ አስፋልቱ ሞቃት ስለሆነ የሚተኛበት ከብት አለ፤ አይሱዙ ነጂዎቹ ደግሞ ሌሊቱን የግላቸው አድርገውታል።

አንድ ነገር እንዳያሳዝናችሁ ቀድሜ ልንገራችሁ። መንገዱ በሐይቁ ዳር አይደለም። ምሥራቁ ዳርቻ ረግረግና የጎርፍ ሜዳ ስለሆነ አስፋልቱ ራቅ ብሎ ነው የሚያልፈው። «የሐይቅ ጉዞ» ብሎ የመጣ ሰው ሐሙሲትን አልፎ ወረታ እስኪደርስ ውኃ ሳያይ ይናደዳል። አትናደዱ። የሐይቁን ሥራ ተመልከቱ። ፎገራ ጥቁር አፈር ነው፤ ሩዝ የሚበቅልበት፣ በወተቱ የታወቀው የፎገራ ከብት የሚሰማራበት። ምሳ ቤት ገብታችሁ የምትበሉት እንጀራ ሩዝ የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል፤ ነጣ ይላል፣ ሲቀዘቅዝ ግን ይደርቃልና ትኩሱን ብሉ። ዓሣ ካላችሁ ቆሮሶ ጠይቁ። ለመንገድ ደግሞ በሶ የሚያህል የለም፤ ፋብሪካ የሚያሽገውን ጣፋጭ ሁሉ ያስንቃል። በኃይላንድ ጠርሙስ በጥብጣችሁ ኮርቻው ሥር አስቀምጡት።

እሾህ ግን የማይቀር ነው። ግራር ባለበት ሁሉ ጎማ ይተነፍሳል፤ ሁለት ጊዜ ከደረሰባችሁ ወደ ጎሚስታ ሂዱ። ወረታና አዲስ ዘመን ላይ ሞልቷል። ሥራውን ተመልከቱት። ልጁ ካላማዳሪያውን ያወጣና ነፍቶ ሳፋ ውኃ ውስጥ እያዞረ ይነክረዋል። አረፋ ብቅ ሲል ጣቱን ይጭንበታል፤ አድርቆ በእስክሪብቶ ያከብበዋል። ከዚያ በሞረድ ፋቅ ፋቅ፣ ማስቲሹን ቀባ፣ እስኪደርቅ እፍ፣ ቁራጩን ለጠፈና በመዶሻ ቀጠቀጠ። እዚህ ላይ አስቁሙት። ካላማዳሪያው ከመመለሱ በፊት የውጭውን ጎማ ውስጡን ዙሪያውን ቀስ ብላችሁ በጣታችሁ ዳብሱ። የእሾሁ ጫፍ እዚያው ተሰክቶ ከቀረ መንደሩን ሳትወጡ ትመለሳላችሁ፤ ልጁም ሁለተኛ ሒሳብ ይቀበላል። ባይከፋ ነው!

ሕፃናት ይከተሏችኋል። «ፈረንጅ» ቢሏችሁም አትቀየሙ፤ የራስ ቁር አድርጎ በብስክሌት የሚሮጥ ሰው ሁሉ ለእነሱ ፈረንጅ ነው። ቁሙና ስማቸውን ጠይቁ። ሳንቲምና ከረሜላ አትበትኑ፤ ለሚቀጥለው መንገደኛ የድንጋይ ውርወራ ታወርሱታላችሁ። ትልልቅ ሰዎችን ግን ሰላምታ ሳትሰጡ አትለፉ። ብስክሌት ድምፅ ስለሌለው ሰውን ከኋላ ያስደነግጣል። ከሩቁ «እንደምን አደሩ» ያለ ብስክሌተኛ ውኃ ሲቸገር የሚያጠጣው አያጣም።

ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ገባ ብላችሁ አውራምባን ጎብኙ። ይህ ግንብ የለውም፤ ዙምራ ኑሩና ተከታዮቻቸው በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ማኅበረሰብ ነው። ወንዱ እንጀራ ይጋግራል፣ ሴቷ ታርሳለች። ሽመናቸውን እዩ፣ ከተቻለ ግዙ። ብዙ አትከራከሯቸው፤ ጎብኚ ሁሉ የሚጠይቃቸውን ጥያቄ ሲመልሱ ነው የኖሩት።

አዲስ ዘመን ስትደርሱ በጊዜ ተኙ። ከከተማው ወደ ሰሜን ስትወጡ ዳገቱ ይጠብቃችኋል፤ በጉዞው ከባዱ ይኸው ነው። ቀላሉን ማርሽ ያዙ፤ አትወዳደሩ፤ መግፋትም ነውር አይደለም። አሞራ ገደል የሚባለው ጣት መስሎ የቆመው ቋጥኝ ሲታያችሁ ትንፋሽ የምትሰበስቡበት ሰበብ አገኛችሁ ማለት ነው። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን አንቃችሁ አትያዙ፤ ጨብጡ፣ ልቀቁ፣ ጨብጡ፣ ልቀቁ። ያለዚያ ይግልና መያዝ ያቆማል።

ከዚያ በኋላ ነው ለዚህ ሁሉ ምክር ምክንያት የሆነኝ ቦታ የሚመጣው። እንፍራንዝ አካባቢ ከመንገዱ በላይ ኮረብታው ላይ የጉዛራ ግንብ አለ። ብዙ መኪና ዞር ብሎ ሳያየው ያልፋል። ብስክሌታችሁን ከሥር ለሰው አደራ ሰጥታችሁ በእግር ውጡ። ክብ ማማ አለው፤ አናቱ እንደ ጉልላት የተደፈነ። ድንጋዩ በኖራ የተያያዘ ነው። ዓለታ ላይ በጣታችሁ የዳበሳችሁትን አስታውሱ። ፋሲል ግቢ ውስጥ የምታዩት ቅርጽ እዚህ በትንሹ፣ ብቻውን፣ ግቢም ከተማም ሳይኖረው ቆሟል። በዐፄ ሠርፀ ድንግል እንደተሠራ ነው የሚነገረው፤ እሳቸው የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 ነው። ሆኖም ኖራ ለግንባታ የዋለው በሱስንዮስ ጊዜ ነው የሚሉ አሉና፣ «እንግዲያው ጉዛራ ከዚያ በኋላ መሆን አለበት» የሚል ክርክር አለ። እናንተም እዚያው ግድግዳው ሥር ተቀምጣችሁ ተከራከሩበት። ስትከራከሩ ወደ ምዕራብ ፊታችሁን መልሱ። ስታማርሩበት የነበረው ሐይቅ ከዚያ ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ንጉሡ ቦታውን ለምን እንደመረጡ አስጎብኚ ሳያስፈልጋችሁ ይገባችኋል፤ ውኃው፣ እህል የሚያበቅለው ሜዳ፣ መንገዱ፣ ሁሉም ከእግር በታች ነው።

ማክሰኚት ከጎንደር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነች። ከዚያ ያለው መንገድ ይነዳል፤ ከአዘዞ በኋላ ግን ወደ ከተማው ትንሽ ያስወጣል። አዘዞም የሱስንዮስ ግንባታ የነበረበት ቦታ ነው። ጎንደር ስትገቡ ስለ ግቢው ብዙ አልነግራችሁም፤ ያን ያህል መንገድ ነድታችሁ ከመጣችሁ በኋላ ራሱ ይናገራል። ዙሪያውን የከበበው አጥር 900 ሜትር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መጀመሪያ የፋሲልን ግንብ እዩና ማማውን ከጉዛራ ጋር አስተያዩት። ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄዳችሁም ጣሪያው ላይ የተሳሉትን የመላእክት ፊቶች እዩ። ቁስቋምን አትዝለሉ። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ነው፤ ደቅ ደሴት ላይ ያለውን ናርጋ ሥላሴንም ያሠሩት እሳቸው ናቸው።

ጉልበት ከተረፋችሁ ከአዘዞ በቆላ ድባና በጯሒት አድርጋችሁ ጎርጎራ ውረዱ። ከጎንደር ከ60 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። እዚያ ደብረ ሲና ማርያም በሥዕል ያሸበረቀች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ሥዕሎቹን ያሠሩት የዐፄ ፋሲል እህት መላኮታዊት መሆናቸው ይነገራል። ወደ አሮጌው ጎርጎራ ደግሞ የሱስንዮስ ዘመን ግንብ ፍርስራሽ አለ፤ ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1622 የሞተው በዚያው በጎርጎራ ነው። «ፖርቱጋሎች» ሲባል የሚነሳው ይህ ሰው ስፔናዊ እንደነበረ ለሚሟገታችሁ ንገሩት። ዳር ዳሩን ውኃው ላይ የተንጣለለ አረንጓዴ ተክል ካያችሁ እንዳያስደስታችሁ፤ እንቦጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ታየ፤ ዓሣ አስጋሪውንም ታንኳ ቀዛፊውንም አስቸግሯል። ገበሬው በእጁ ሲነቅለው ከደረሳችሁ እናንተም ገብታችሁ ጥቂት አግዙት።

ለመልሱ ሁለት ምርጫ አላችሁ። ከጎርጎራ ወደ ባሕር ዳር በውኃ መሻገር ይቻላል፤ መርከቡ ግን በየቀኑ የሚሄድ አይደለምና ጎንደር ሳላችሁ ቀኑን አጣሩ። ሁለተኛው አውቶቡስ ነው። ብስክሌታችሁ ጣሪያ ላይ ሲጫን ራሳችሁ ወጥታችሁ እሰሩት፤ ካቴናው ያለበትን ጎን ወደ ላይ አድርጉ፤ ፔዳሉን ፍቱት። የጭነቱን ሒሳብ ደግሞ ከመጫኑ በፊት ከረዳቱ ጋር ተነጋግራችሁ ጨርሱ፤ አንዴ ጣሪያ ላይ ከወጣ በኋላ ዋጋ የሚቆርጠው እሱ ብቻ ነው።